ውሃውን ጠርገው ነበር?

አማቴ ሽንኩርት ሲከትፉ ያየ ሰው ሥራቸውን ሳይጠይቅ አያልፍም። አንዷን ቅጠል አንስታችሁ ወደ መስኮት ብታዞሯት ማዶ የተሰጣው ልብስ ይታያችኋል። ባለቤቴ «እማ፣ እኛ የምንፈልገው ሽንኩርቱን ነው፣ ጥላውን አይደለም» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸው ቢላውን ሳያቆሙ «እጄ የለመደውን ነው የሚያውቀው፤ ወፍራም ካማረህ ራስህ ክተፍ» ይሉታል።

እጃቸው የለመደው የሰው ገላ ነው። እንዲህ ስል ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው ስላለ ቶሎ ብዬ ላስረዳ። አማቴ የሚሠሩት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ የፓቶሎጂ ክፍል በሚባለው ውስጥ ነው። በቀዶ ጥገና የወጣ ነገር ሁሉ በጠርሙስ ተደርጎ ወደ እነሱ ይወርዳል። የክፍሉ ሐኪም መታየት ያለበትን መርጣ ትሰጣቸዋለች፤ ያ ቁራጭ በመድኃኒት ሲታጠብ ያድርና ሰም ይፈስበታል። ሰሙ ሲረጋ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጠንካራ ነገር ይሆናል። አማቴ እሱን መቁረጫ ማሽኑ ላይ አስረው እጀታውን ያሽከረክራሉ። በያንዳንዱ ዙር አንድ ቅጠል ይወጣል። ቅጠል ስል ደግሞ የአንዲት ፀጉር ውፍረት አሥራ አምስት ቦታ ቢከፈል አንዱን ያህል ማለቴ ነው። ትንፋሽ ይወስደዋል። አማቴ በዚያ ሰዓት አያወሩም፣ አያስሉም፣ ሰው በሩን በርግዶ ከገባ ዓይናቸው ብቻ ይበቃዋል።

ቅጠሉ እንዳይጨማደድ ለብ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሲዘረጋ ከሥሩ መስታወት ሰደድ አድርገው ያወጡታል፤ ቀለም ይነከራል፤ ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። ሰው «ውጤቴ ደረሰ ወይ?» እያለ ሲመላለስ የሚጠብቀው ይህንን ነው።

አንድ የማይዘለል ነገር አላቸው። የአንዱን ሰው ቆርጠው ሲጨርሱ፣ የሚቀጥለውን ከማሰራቸው በፊት፣ የውሃውን ፊት በስስ ወረቀት ይጠርጉታል። ካልተጠረገ የፊተኛው ሰው ቅንጣት እዚያው ሲንሳፈፍ ይቆይና በኋለኛው ሰው መስታወት ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ያኔ ጤነኛው ሰው በማያውቀው ሰው በሽታ በሽተኛ ይባላል። በክፍሉ ውስጥ ይህን ቅንጣት «ተንሳፋፊ» ይሉታል። አማቴ ተንሳፋፊ አስወጥተው አያውቁም። ሥራ የጀመሩት መስታወት አጣቢ ሆነው ነው፤ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ እጃቸው እንደማይንቀጠቀጥ አይቶ ማሽኑ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው።

የተቆረጠው ሰም አይጣልም። በስተጀርባ መስኮት የሌለው ክፍል አለ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ብቻ። እዚያ ውስጥ ሺህ በሺህ ሰው በቁጥር ተደርድሯል፤ አብዛኛው የለም፣ ቁራጩ ግን አለ። አማቴ ወደዚያ ክፍል ሲገቡ «እንደምን አደራችሁ» ሳይሉ አይገቡም። አንድ ቀን አንዱ ተረኛ ባለሙያ ከመደርደሪያው ጀርባ ተደብቆ ድምፁን አጎርንኖ «እግዚአብሔር ይመስገን» ቢላቸው፣ የያዙትን ትሪ ለቅቀው ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ልጁ የጠበቀውን ሳቅ አላገኘም። የሟች ባለቤታቸው የሆድ ቁራጭ እዚያው፣ በስተግራ ሦስተኛው ዓምድ ላይ እንዳለ አያውቅም ነበር። የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። በሽታውን ከባላቸው ቀድመው ያወቁትም እሳቸው ናቸው።

ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተደግፋ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ትሠራለች። ሰፈሩ «እትዬ ነገ» ይላታል። ሱሪ ስጧት፣ ቀሚስ ስጧት፣ መልሷ አንድ ነው፦ «ነገ!» እንዲህ እያለች የአንዷን ሙሽራ ሚዜዎች በአሮጌ ቀሚስ አስኬዳለች። ግን እጇ ወርቅ ስለሆነ ሰው ተራግሞ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል።

እትዬ ነገ የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በባዶ እግሯ ነው። ጫማ ካደረገች የመርገጫው ስሜት አይገባትም። አንድ ከሰዓት በኋላ የልጄን፣ የድንቡሼን፣ ቀሚስ ልናስረዝም ሄደን አማቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። እትዬ ነገ ለማረፍ ብላ አንዱን እግሯን በጉልበቷ ላይ አነባበረችው፤ ውስጥ እግሯ ወደ እኛ ዞረ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አማቴ።

ተረከዟ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ነበር። ዙሪያው ልክ የለውም፤ በአንድ በኩል እርጥብ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ሸሽቷል።

«እሱማ የመርገጫው ዝገት ነው።»

«ዝገት በሳሙና ይለቃል።»

«እግሬን የማልታጠብ ሊያስመስሉኝ ነው እትዬ? ሰው ይሰማል!»

አማቴ ጨርቅ አርሰው፣ ሳሙና ነክተው፣ እግሯን ጭናቸው ላይ አድርገው ማሸት ጀመሩ። እትዬ ነገ መጀመሪያ ኮርኩሯት ሳቀች። አማቴ ግን ማሸታቸውን አልተዉም። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ብቻውን ቀረ፣ ከዚያ እሱም ቆመ። ጨርቁ ነጭ ነው። ነጥቡ እዚያው ነው።

«ስንት ጊዜው?»

«እኔ እንጃ። ልጄ ከመመረቋ በፊት መሰለኝ... አራት ዓመት?»

«ነገ ጠዋት እኔ ዘንድ ትመጫለሽ።»

«እትዬ፣ ነገ ስንት ሰው ቀጥሬያለሁ!»

«ለሰው ሁሉ ነገ ስትዪ ኖረሽ፣ ለራስሽ ሲሆን አቃተሽ?»

መጣች። ነጥቡ ተቆርጦ ወጣ፤ ውጤቱ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆነ። እኔ ይሄ በሽታ ፀሐይ የማይችል ቀይ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። የእኛን ዓይነት ቆዳ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ተደብቆ እንደሚገኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ተረከዟ ተሰፍቶ መዳን ያዘ። ጭንቁ ሌላ ነበር። ከእግር የተነሳ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ብሽሽት ላይ ካሉት፣ ንፍፊት ከምንላቸው እጢዎች ውስጥ በአንዱ ነው። ስለዚህ ከዚያ አንዱን አውጥተው ለምርመራ ላኩ። ንጹሕ ከሆነ እትዬ ነገ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ካልሆነ በሽታው መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት አማቴ ከሥራ ሲመለሱ ምሳቸውን እንዳሰርኩት ይዘውት መጡ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩ። ድንቡሼን አጥቤ ከሳፋው አወጣኋት፤ ፎጣ ላነሳ ዞር ብዬ ስመለስ አማቴ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። በሁለት እጃቸው አንድ ስስ ወረቀት ወጥረው የውሃውን ፊት ከዳር እስከ ዳር ይስባሉ። ከዚያ ወረቀቱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት። ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«እማ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«የሌላ ሰው እንዳይሆን ብዬ ነው» አሉ።

ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ያለነው እኛ ብቻ ነን። በዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ሌላ ሰው እንዳለ አድርገው ነው የተናገሩት። እራት ሳቀርብም የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ እንደዚያው ጠረጉት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ የብርጭቆ ውሃቸውን አንስተው ለረጅም ጊዜ ፊቱን ሲያዩት ቆዩና ሳይጠጡ አስቀመጡት። ባለቤቴ መስመር ላይ ነበር፣ ሾፌር ነው። ብቻዬን ነኝ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ይንገሩኝ። የምፈራው ዝምታዎን ነው።»

ነገሩኝ። ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰም ቆረጡ። መጀመሪያ የአንድ ሰውዬ የተረከዝ ቆዳ ነበር፤ እሱም ሜላኖማ፣ ጥቁር ሕዋስ የሞላበት። ከእሱ ቀጥሎ የንፍፊት ቁራጭ መጣ። ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ግን ወረቀቱ ላይ «ሴት፣ ሃምሳ ሁለት፣ ብሽሽት» ይላል፤ የማን እንደሆነ አላጡትም። መስታወቱ ተነክሮ ወጣ። ከንፍፊቱ ዳር ላይ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ጥቁር ሕዋሳት ተሰባስበው ተገኙ። ሐኪሟ መጣችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«"እትዬ፣ በሁለቱ መሃል ውሃውን ጠርገው ነበር?" አለችኝ።»

«ታዲያ ጠርገው አልነበር?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም? እርስዎ?»

«ወረቀቱን ስስብ ስልክ ጠራ። ወይም ልስብ ስል። አንሥቼ አወራሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከስልኩ በፊት ጠርጌ ይሁን፣ እጠርጋለሁ ብዬ ይሁን፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የለም።»

«ማን ነበር የደወለው?»

አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ነሽ ልጄ። የድንቡሼ የትኩሳት ሽሮፕ የት እንዳለ ጠየቅሽኝ።»

መሳቢያው ውስጥ ነበር። ከፍቼ ብፈልግ በደቂቃ አገኘው ነበር።

አማቴ ጣታቸውን እየቆጠሩ ያስቡ ጀመር። «ጠርጌያለሁ ካልኩ፣ በሽታው የሷ ነው። ተራምዷል ማለት ነው። አልጠረግሁም ካልኩ፣ ሐኪሟ ተንሳፋፊ ነው ብላ ታልፈዋለች፤ ሴትዮዋ ንጹሕ ናት ተብሎ ይጻፍላታል። ይታይሽ። ሠላሳ ዓመት ስህተት እንዳይገኝብኝ ስጸልይ ኖርኩ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስህተቴ በሆነ እያልኩ ነው የዋልኩት። የዚያ ሰውዬ በሆነ፣ የሷ አይሁን እያልኩ።»

«ሰሙ አልቋል? እንደገና አይቆረጥም?»

«ይቆረጣል። ግን አሥራ ሁለት ሕዋስ ምን አላት? ሰሙ ከማሽኑ ወርዷል። መልሼ ሳስረው ትንሽ ይዛነፋል፤ ፊቱ እስኪስተካከል ድረስ ብዙ ቅጠል ይባክናል። እነሱ በብናኙ ውስጥ ከወጡ፣ የማን እንደነበሩ ማንም አያውቅም። መቼም።»

«ለሐኪሟ ምን አሏት?»

«ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።»

ይህን እያወራን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነገ ናት፤ በአንድ ክራንች ተደግፋ፣ ድንቡሼን የምታጫውትበት ባዶ የክር እንጨት በእጇ ይዛለች። ገና ሳትቀመጥ «እትዬ፣ የኔ ነገር ደረሰ?» አለች።

አማቴ ቀና አሉ። ከዚያ «ነገ» አሏት።

እትዬ ነገ ክራንቹን እስክትለቅ ሳቀች። «በገዛ ቃሌ! እንዲህ ነው ለካ የሚያቃጥለው! ደንበኞቼን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።» እኔም ሳቅኩ፣ ሳቄ ግን የራሴ አልመሰለኝም። የተቀመጠችበትን ወንበር፣ የተዘረጋ እግሯን እያየሁ፣ አሥራ ሁለቱ እዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ወንድሞች ይኖሯቸው ይሆን እል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከታሰበ አይወጣም። ሰውየው አጠገባችሁ ተቀምጦ ይቀልዳል፣ እናንተ ከቆዳው ሥር የሚሄደውን ታዳምጣላችሁ።

ስትሄድ አማቴን አልኳቸው፦ «እማ፣ የማያስታውሱ ከሆነ አላስታውስም ይበሏታ።»

«ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አላስታውስም ይላል?»

«ያላስታወሰ ይላል። ጠርጌያለሁ ቢሉ ውሸት ሊሆን ይችላል፣ አልጠረግሁም ቢሉም ውሸት ሊሆን ይችላል። እውነቱ አላስታውስም ነው፤ ሌላ የለም።»

«ያንቺ ነገር ሁሉ አጭር ነው» አሉኝ። ስድብም ምርቃትም ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ ነገሯት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትማር ቅጠል ማንሳት ያስተማሯት አማቴ ናቸው። «እንቆርጠዋለን» አለች፤ «የሚቆርጡት ግን እርስዎ ነዎት። በሌላ ሰው እጅ የሚባክነው ይበዛል።» አማቴ ሌላ ሰው ይቁረጠው ብለው ለመኑ። እምቢ አለች።

ገንዳው ተደፍቶ አዲስ ውሃ ተሞላ። ስልካቸውን ከክፍሉ አስወጡ። ሰሙን ሲያስሩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ተከተሉ፤ በመብራቱ ነጸብራቅ መዛነፉን ይለካሉ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግማሽ ግማሽ ቅጠል ሰጡ። ከምላጩ ላይ በብሩሽ የተነሳው ብናኝ ሁሉ ሴትዮዋ ነበረች ብለውኛል። በሰባተኛው ዙር ሙሉ ቅጠል ወጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ተያይዘው እንደ ጥብጣብ ወረዱ። ሦስቱን በየተራ አነሱና ቀለም ቤት አስገቡ። ቀለሙ እስኪይዝ ከሰዓት በኋላ ሆነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሰም መሳቢያዎቹ ክፍል በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሐኪሟ ጠራቻቸው። በመጀመሪያው መስታወት ላይ ሕዋሳቱ እዚያው ቦታ ላይ ነበሩ፤ ከንፍፊቱ ዳር፣ ሃያ ሆነዋል። በሁለተኛው ሠላሳ። በሦስተኛው መቁጠር አቆመች። ተንሳፋፊ እንዲህ አያደርግም፤ አንድ ቦታ ላይ በዘፈቀደ ይለጠፋል እንጂ በየቅጠሉ እየሰፋ አይወርድም።

«ጠርገው ነበር ማለት ነው፣ እትዬ» አለች ሐኪሟ።

«እጄ ጠርጎ ነበር» አሉ አማቴ። «እኔ ነኝ ምነው ባልጠረገ ያልኩት።»

ሰኞ ዕለት እትዬ ነገን ለውጤቱ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ልጇ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ሐኪሟ ስትነግራት አላለቀሰችም። «ማየት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች። «ዕድሜ ልኬን የሰው ልብስ ውስጡን ገልብጬ ሳይ ኖሬ፣ የራሴን ሳላይ?»

ሐኪሟ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻት። አማቴ ከኋላዋ ቆሙ። መጀመሪያ የተረከዟ ቁራጭ ነው የቀረበላት፤ ሐኪሟ በሌላ ልዩ ቀለም አስነክራዋለች።

«ከላይ በኩል፣ ቡናማ መረብ ይታይሻል?»

«አየሁት። እንደ ዳንቴል።»

«ቆዳችንን የሚያጠቁሩት ሕዋሳት ብቻቸውን አይኖሩም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በመንጠቆ ተያይዘው ነው የሚቀመጡት። መንጠቆው ፕሮቲን ነው፣ ቡናማው እሱ ነው። እስከተያያዙ ድረስ ጎረቤት ይቆጣጠራቸዋል፤ የትም አይሄዱም። አሁን ወደ ታች ላውርድሽ።» መስታወቱን ገፋ አደረገችው። «እዚህስ?»

«ዳንቴሉ የለም።»

«የለም። እነዚህ መንጠቋቸውን ጥለዋል። ሌላ ዓይነት ነው የሠሩት፤ ያኛው ከማያውቁት ጋር፣ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚያያይዝ ነው። በእሱ ይዘው ይሄዳሉ።»

«ተበጠሰ?»

«አልተበጠሰም። መሠራቱ ነው የቆመው።»

«ልኩ ጠፍቶባቸው?» እትዬ ነገ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። «እኔ የልክ ደብተር አለኝ። ገጹ ከተቀደደ የዚያን ሰው ልብስ መሥራት አልችልም።»

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «ደብተሩ አለ። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሙሉ ደብተር አለ፤ ጂን የምንለው አንዱን ገጽ ነው። የመንጠቆው ገጽ አልተቀደደም፤ አንድም ፊደል ላይጎድለው ይችላል። ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ገጹ ላይ ተቀመጠበት፣ እንዳይነበብ። ያልተነበበ ደግሞ አይሠራም።»

«ልጄ ደብተሬ ላይ መቀስ ታስቀምጥብኝ ነበር። እንደዚያ በይኛ።»

«ልክ እንደዚያ።»

«ታዲያ መቀሱን አንሡት!»

ሐኪሟ ፈገግ አለች፣ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ። «በየአገሩ ያለ ተመራማሪ የሚለፋው ለዚሁ ነው። ችግሩ መቀሱ አንድ አለመሆኑ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል።»

ከዚያ የንፍፊቱን መስታወት አስገባች። እትዬ ነገ ዓይኗን ወደ ማያው ይበልጥ አስጠጋች።

«እነዚህ ደግሞ ዳንቴል አላቸው» አለች በመጨረሻ።

«አንዳንዶቹ አላቸው፣ አዎ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን እንዲህ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። ለመንገዱ ይጥሉታል፤ ሲደርሱ ገጹ እንደገና ይነበብና መልሰው ይለብሱታል።»

«ቤት ሠርተዋላ።»

እኔም ተራዬን አየሁ። ጥቁር ነጠብጣቦች ቡናማ ክር ተከናንበው፣ ሰብሰብ ብለው ተቀምጠዋል። የሚያስፈራው ነገር ክፉ አለመምሰላቸው ነበር። ቤተሰብ ይመስላሉ።

እትዬ ነገ ወንበሩ ላይ ዞራ አማቴን አየቻቸው። «ማክሰኞ ነገ ያሉኝ ይሄንን አውቀው ነው?»

«አላወቅሁም። የሌላ ሰው ይሁን እያልኩ ስጸልይ ነበር።»

«የማን?»

«ካንቺ በፊት የቆረጥኩት ሰውዬ አለ። የሱ ሆኖ ውሃው ላይ የቀረ ይሁን ብዬ።»

«እሱስ ንጹሕ ነው?»

«አይደለም። የሱ ታውቋል።»

«ምስኪን» አለች እትዬ ነገ፤ «የራሱ አንሶት የኔንም ሊያሸክሙት!» ከዚያ ክራንቿን ስባ ተነሳች። «በሉ፣ ተቀምጠው ከሆነ፣ መልሰው ጥለው ሳይነሱ አውጡልኝ። መቼ ነው?»

ሐኪሟ «ሐሙስ ሊያዝልሽ ይችላል» አለች።

«ነገ የለም?»

በዚያ ምድር ቤት ውስጥ አማቴ ሲስቁ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ሐሙስ ብሽሽቷ ተከፈተ። ስምንት ንፍፊት ወጣ። የቆረጡት አማቴ ናቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ሌላ ሰው ይቁረጠው አላሉም። ያን ዕለት አንድ አዲስ ነገር ጀመሩ። በያንዳንዱ መሃል ውሃውን ሲጠርጉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጠረግሁ!» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለው ሰው «ሰማሁ!» ይመልሳል። አሁን የክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። መጀመሪያ ተሳስቀውባቸው ነበር። እኔም ሽሮፑ የት እንዳለ በትልቅ ጽሑፍ ጽፌ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጠፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ በሥራ ሰዓት ደውዬላቸው አላውቅም።

ስምንቱም ንጹሕ ናቸው ተባለ። ለእትዬ ነገ ስነግራት ግምባሬን ሳመችኝ። ሦስት ቀን ሳትቆይ፣ በጤነኛው እግሯ ብቻ መርገጥ እየተማረች፣ የሰውን ልብስ ወደ ነገ ማስተላለፍ ቀጠለች። እኔ ደስታዬን ሙሉ በሙሉ ነው የወሰድኩት። ሰው እንዲህ ነው መኖር ያለበት ብዬ አምናለሁ፤ ያገኙትን ይዞ።

አማቴ ግን ንጹሕ የሚለውን ቃል እንደኔ አይሰሙትም። አንድ ንፍፊት ውስጥ ብዙ መቶ ቅጠል አለ፤ የሚታየው ጥቂቱ ነው። በሁለት ቅጠል መሃል ያለውን ማን ያውቃል? የመጀመሪያው ንፍፊት ከመውጣቱ በፊት አልፎ የሄደ፣ መንጠቆውን የጣለ፣ የትም ያልተቀመጠ አንድ ሕዋስ ቢኖርስ? ሐኪሟም ይህንን አልደበቀችም። በየሦስት ወሩ ምርመራ አዘዘችላት፤ እስካሁን አራቱን አልፋለች። በምርመራው ሳምንት አማቴ ከእትዬ ነገ ጋር ሲያወሩ ፊቷን ሳይሆን ገላዋን ነው የሚያዩት፤ ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ የጎኗን ስፋት፣ የት ሊሆን ይችላል እንደሚል ሰው። እሷም ታውቃለች። «እትዬ፣ ልብስ ሊሰፉልኝ ነው እንዴ፣ ልክ የሚወስዱት?» ትላቸዋለች።

ባለፈው ወር የጡረታ ደብዳቤያቸው ደረሰ። ባለቤቴ ደስ ብሎት በረንዳው ላይ የሚያርፉበት ወንበር ገዛ። አማቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ በማግስቱ አንድ ዓመት እንዲራዘምላቸው አመለከቱ። ባለቤቴ ተቆጣ። እኔ ብቻዬን ሳገኛቸው ጠየቅኋቸው።

«እማ፣ አይበቃዎትም? ከነዚያ መሳቢያዎች ተላቅቀው ከልጅ ልጅዎ ጋር ቢውሉ?»

የደንብ ልብሳቸውን እየተኮሱ ነበር። ኮሌታውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«የቀሩ ካሉ አንድ ቀን ይመጣሉ» አሉኝ። «ሲመጡ ደግሞ ወደ እኔ ገበታ ነው የሚመጡት። መልካቸውን አውቀዋለሁ። ገና ትንሽ ሆነው፣ አሥርም አሥራ ሁለትም ሆነው እንዳይታለፉ፣ እዚያ መገኘት አለብኝ።»

«ባይመጡስ?»

ካውያውን አቆሙት። ይህንን ያሰቡት አይመስልም ነበር።

«ባይመጡማ» አሉ፣ «ዓመቱን ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።»

ማመልከቻው ተፈቀደ።